የዓርብ አውሮፕላን

ላሚ፣ ረቡዕ ከሰዓት

ይድረስ ለድሮ ወዳጄ፤

በአገሬ ሰላምታ «ቡላ» ብያለሁ! ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ጤናና ሰላም ከአንተ ጋር ይሁኑ፤ ትንሽ ትዕግሥትም ይጨመርልህ፣ ደብዳቤው ረጅም ነውና። እናትህ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ያ በዝናብ ቀን የሚወጋህ ትከሻህስ? እኛ ደኅና ነን። እማዬ ደኅና ናት። አጎቴ ኤሞሲም ደኅና ነው፤ ሁለት ጥርስ ጎድሎታል እንጂ ድምፁ አልጎደለም፣ ጀልባው ከወደቡ ሳትደርስ እሱ ሲጮህ ይሰማል። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደስ ብሎኛል።

ምነው አልደወለችም ትል ይሆናል። በእኛ ቤት ስልክ ሲጮህ ስድስት ጆሮ አብሮ እንደሚነሣ አንተም ታውቃለህ። ደግሞም ሁለት ጊዜ መነበብ ያለበት ነገር በስልክ አይነገርም። ስለዚህ ከነገ ወዲያ ዓርብ ከሚመጣልህ የቱና ዓሣ ጋር፣ በጭነት ሰነዱ ፖስታ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ዓሣ ዓሣ ቢልህ ይቅርታ፤ ለነገሩ አንተ ሌላ ሽቶ መቼ ታውቅና!

አሁን ከመጀመሪያው ልጀምር፤ አንተ ያላየኸውን ሁሉ ልንገርህ።

በመጋቢት ወደ ሲድኒ የሄድክ ቀን «ሦስት ሳምንት» ብለኸኝ ነበር። እኔም አምኜህ ስንብቱን እንኳ በወጉ አላደረግሁትም። አንተ በሄድክ በአራተኛው ቀን በበሽታው ሰበብ ድንበር ተዘጋ፤ ሰማዩ ዝም አለ። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ በቀጭን ብረት ከቱናው ሥጋ ቅንጣት ስቤ፣ ቀለሙንና ስቡን አይቼ ደረጃ ሳወጣ፣ ዓሣችን ራሱን ችሎ ባሕር የሚሻገር ይመስለኝ ነበር። ለካ ጥገኛ ነበርን! ቱሪስቱ ከላይ ጭማቂውን ሲጠጣ፣ ቱናችን ከእግሩ ሥር በአውሮፕላኑ ሆድ ተጭኖ አብሮት ይሄድ ነበር። ቱሪስቱ ሲቀር የቀረው ወንበሩ ብቻ መስሎን ነበር። ሆዱም አብሮ ቀረ።

አጎቴ ኤሞሲ ይህን አያውቅም፤ ባሕር ላይ ነበረ። ሬዲዮኑ ተበላሽቶበት፣ አሥራ አንድ ቶን ቱና በበረዶ ቀብሮ፣ እየዘፈነ ገባ። ወደቡ ላይ የጠበቅነው እኔና አለቃችን ሚስተር ጃይራም ብቻ ነበርን፤ ሁለታችንም አፋችንን ሸፍነናል። ኤሞሲ ከጀልባው አፍ ላይ ሆኖ «ምነው፣ ባንክ ልትዘርፉ ነው?» አለን። ሚስተር ጃይራም በተገለበጠ ሣጥን ላይ እንደተቀመጠ «ኤሞሲ፣ አውሮፕላን የለም» አለው።

«ምን ማለት ነው የለም? ተሰረቀ?»

«የለም አልኩህ። አንድም።»

ኤሞሲ ሰማዩን አየ፣ እኛን አየ፤ «እኔ ስወጣ ዓለም ነበረ። በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ የት አደረሳችሁት?» አለ። ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ሚስተር ጃይራም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ብዙ ቆየ። ማቀዝቀዣው ቤት ጢም ብሎ ሞልቷል። ያ ሁሉ ዓሣ የቀረው ዕድሜ አምስት ቀን ቢሆን ነው።

ምን እንዳደረግን ታውቃለህ? በላነው! አንተ እዚያ ገዝተህ ሚዛን ላይ ስታስቀምጠው ትንፋሽህን የምትይዝለት አንደኛ ደረጃ ቱና፣ በላሚና በሱቫ መንደር ሁሉ በኮኮናት ወተት ተነከረ፣ በካሪ ተቀቀለ፣ ተጠበሰ። ሰው ሥራ ስለፈታ በእጁ ያለውን ይዞ ይመጣል፤ ጎደሬ፣ ካሳቫ፣ ፓፓያ። አንዲት ሴትዮ በገመድ የታሰረ የአሳማ ግልገል ይዛ መጣች። ትልቁን ዓሣ ዙሪያውን አየችውና «ይኼ ነው ለባለ ሆቴሎቹ የሚላከው?» አለችኝ። አዎ ስላት «እኔ እኮ ጥርስ ያለው፣ የሚናገር መስሎኝ!» ብላ አሳማዋን ጥላልኝ ሄደች። እማዬ አሁንም ድረስ ያንን አሳማ «ሲድኒ» ነው የምትለው። አትቀየም።

በሚያዝያ ደወልክልኝ። ያን ቀን ላንሣው፤ ካላነሣሁት ደብዳቤው ደብዳቤ አይሆንም። ከሰላምታ በኋላ «ይህ ነገር መቼ እንደሚያበቃ አላውቅም፤ እኔን ብለሽ አትቀመጪ» አልከኝ። እኔም «ማን ይቀመጣል? ወንበርም የለን» ብዬ ዘጋሁት፤ የስልኩን ካርድም አውጥቼ ከወደቡ ጫፍ ወረወርኩት። አንተ ለእኔ ማሰብህ እንደነበር ዛሬ ይገባኛል። ያን ቀን ግን አልገባኝም። እኔም የምነግርህ ነገር ነበረኝ፤ ጠዋቱን ሙሉ በአፌ ስለማመደው ነበር። ቀደምከኝ።

ተቀይሜህ ነበር፤ አልደብቅህም። ቂሙ ግን እስከ ግንቦት ብቻ ነው የቆየው።

በግንቦት ሚስተር ጃይራም እየሮጠ መጣ። ያ ሰው ሲሮጥ አይተኸው ታውቃለህ? እኔም አላየሁም ነበር። ሰው የማይጭን፣ ጭነት ብቻ የሚጭን የመንገደኛ አውሮፕላን ከናንዲ አውሮፕላን ማረፊያ ሊነሣ ነው፤ ኦክላንድ ጥቂት አራግፎ ሲድኒ ይገባል፤ ሲመለስ የሐኪም ጓንትና ጭንብል ያመጣል። ሦስት ቶን ቦታ ተገኝቷል! የኤሞሲ ጀልባ ደግሞ የዚያን ዕለት ጠዋት ነው የገባችው። በአንድ ጠዋት ደረጃ አወጣሁ፣ ጠቀለልን፣ በበረዶ ሞላን፣ መኪናው ላይ ጫንን፤ እኔ ከሹፌሩ ጎን ሰነዱን ታቅፌ ተቀመጥኩ።

መንገድ ላይ ናቩዋ ስንደርስ ፖሊስ አስቆመን። የሙቀት መለኪያውን በሹፌራችን ግንባር ላይ ቢያደርገው ጮኸ። «ሹፌሩ ትኩሳት አለው፤ ይቆያል» አለ።

«ዓሣውስ?» አልኩ።

መለኪያውን አየት አድርጎ «ዓሣው ትኩሳት የለውም፤ ይለፍ» አለኝ። ቀጥሎም «ይህን መንዳት ትችያለሽ?» ሲለኝ «ከልጅነቴ!» አልኩት። ወዳጄ፣ ያንን መኪና ከዚያ በፊት የነዳሁት በግቢያችን ውስጥ ወደ ኋላ ብቻ ነው! ሹፌሩ ጉንፋን ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ እኔ ግን ከናቩዋ እስከ ናንዲ መሪውን አንቄ፣ ዝናቡ መስታወቱን እየደበደበው፣ መዝሙር እየጮህኩ ነዳሁ። ሲንጋቶካ አካባቢ ሁለት ጊዜ አቁሜ ወርጄ አስታወከኝ። የመንገዱ ጠመዝማዛ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ናንዲ ስደርስ የጭነት ክፍሉ ኃላፊ ማናሳ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ተቀበለኝ። «ናይሲ፣ ዘገየሽ፤ ሆዱ ሞላ» አለኝ። በምን? ተወቅጦ በሚጠጣው በደረቅ የያንጎና ሥርና በዝንጅብል። አውሮፕላኑ ሊነሣ ሁለት ሰዓት አይሞላውም። ወደ ላይ ቀና ብዬ መስኮቶቹን አየሁ፤ ረድፍ በረድፍ ባዶ ወንበር! «ወንበሩስ?» አልኩት።

«ዓሣ ወንበር ላይ? በረዶው ቀልጦ ወለሉን ቢነካው ካፒቴኑ እኔን ነው የሚጠብሰኝ!»

«ዓሣውን መቼ አልኩ? ደረቁን ወደ ላይ አውጣውና ዓሣዬን ከታች አስገባልኝ።»

ማናሳ ወደ መስኮቶቹ ቀና አለ። በሌላ አገር እንዲህ መጫን ተጀምሯል፤ ፈቃዱም የጭነት ማሰሪያ መረቡም ከመጣ ሳምንት ሆኖታል፤ የደፈረው ሰው ግን አልነበረም። ካፒቴኑ ተጠየቀ፤ ክብደቱ እንደገና ተሰልቶ ሁሉም በመረብ ከታሰረ እስማማለሁ አለ። የቀረው የያንጎናው ባለቤት ነው። ከካንዳቩ ደሴት ጭነቱን ራሱ አጅቦ የመጣ፣ ሴቫናያ የሚባል ነጭ ፀጉር ሽማግሌ ነበር። «የእኔን ያንጎና ለዓሣ ብላችሁ ልታስነሡት? በሕይወት እያለሁ አይሆንም!» ብሎ ሣጥኖቹ ፊት እጁን ዘርግቶ ቆመ።

እኔ ምን አደረግሁ? ከፊቱ እመሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ በእኛ ደንብ ትልቅ ሰው እንደሚለመነው ድምፄን ዝቅ አድርጌ እንዲህ አልኩት፦ «አባቴ፣ ያንጎና የጎሳ አለቆች መጠጥ አይደል? እኔ የዓሣ ልጅ ነኝ፤ ዓሣ ከወለል በታች ቢጋዝ ክብሩ አይነካም። አለቃ ግን ከዓሣ ጋር ከታች ይጋዛል? ወንበር ነው የሚገባው፤ ያውም በመስኮት በኩል።»

ሽማግሌው የዘረጋውን እጁን አወረደ። ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ ማናሳን «የፊተኛው ወንበር ከሆነ» አለው። ማናሳ ሳቁን በሳል ለመሸፈን ሞክሮ፣ በዚያ ዘመን ሳል ከሳቅ የባሰ ስለሆነ ሰው ሁሉ ሸሸው!

እንዴት እንደሠራን ብታይ! አስተናጋጆቹ፣ ጽዳቶቹ፣ የጥበቃ ሰዎች፣ ሁላችንም በደረጃው ላይ ተሰልፈን ሣጥን እየተቀባበልን አወጣን። ሥራ እናጣለን ብለው ሲያለቅሱ የከረሙ አስተናጋጆች፣ ለሣጥኖቹ «እንኳን ደኅና መጡ፣ ወንበርዎ በዚህ በኩል ነው» እያሉ ሲያስቀምጡ እንባቸው ይወርዳል፣ ይስቃሉም። ሴቫናያ ራሱ ገብቶ የፊተኛውን ረድፍ ቀበቶ እያሰረ «ጠበቅ አድርጊው ልጄ፣ ከዚህ በፊት በአውሮፕላን ሄዶ አያውቅም» ይለኛል። ዓሣዬ ከታች ገባ። በሩ ተዘጋ። አውሮፕላኑ ሲነሣ ከአጥሩ ሥር ቆሜ፣ አንድም ሰው ሳይሳፈር ወደ አንተ አገር ሲሄድ አየሁት። ዓሣ ይሄዳል፣ ሥራሥር ይሄዳል፣ ሰው ብቻ ቀረ! ብዬ ብቻዬን ጮህኩ፤ ዝናቡ ነው የሰማኝ።

በሦስተኛው ቀን የመልስ ወረቀትህ መጣ። በዓሣው ጅራት ላይ በሰማያዊ እርሳስ የምጽፈውን ምልክቴን አይተኸዋል ማለት ነው፤ ከዋጋው በታች፣ አስተያየት በሚጻፍባት ጠባብ ቦታ እንዲህ ብለሃል፦ «ዓሣው ቀበቶ አስሮ ነው እንዴ የመጣው? አንድ ጭረት የለውም። ደረጃ ያወጣችውን ሴት አመስግኑልኝ።» ሚስተር ጃይራም ለሠራተኛው ሁሉ አነበበው። እኔ በረዶ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ዓርብ ዓርብ ዓሣው ይሄዳል፣ ማክሰኞ ወረቀቱ ይመጣል። እኔ «ስቡ በዚህ ሳምንት ጥሩ ነው» ብዬ ስጽፍ ደኅና መሆኔን ነው። አንተ «ቀለሙ ትንሽ ደብዝዟል» ስትል ስለ ራስህ መሆኑን እኔ አጥቼዋለሁ? አንድም ቀን ስለ ሌላ ነገር አልተጻጻፍንም። ወረቀቶችህ ሁሉ ተቀምጠዋል፤ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው።

ከኅዳር እስከ የካቲት ግን ምልክቴን አላየህም። ሐኪም እረፍት አዞልኝ ነበር። በእኔ ቦታ አዲስ ልጅ ገብታ ሁለተኛውን አንደኛ ስትል፣ አንተ «ኡናይሲ የት ሄደች? ዓሣው ያለ እሷ ከሳ» ብለህ በሙሉ ስሜ ጻፍክ። ሚስተር ጃይራም ቤት ድረስ ይዞልኝ መጥቶ በመስኮት አነበበልኝ፤ ወደ ውስጥ አልገባም፣ ያኔ ማንም አይገባም ነበር። ሚስቱ የሰፋቻቸውን ትንንሽ ነጭ ጨርቆች ደጃፉ ላይ አስቀምጦ፣ «ምን ብዬ ልመልስለት?» አለኝ። «ትመለሳለች በለው» አልኩት። «ሌላስ?» አለኝ። «ሌላ ነገር በጠባብ ቦታ አይጻፍም» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

አጎቴ ኤሞሲ ያን ሰሞን ኩርፊያ ላይ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ አያናግረኝም፤ ስምህ ሲነሣ ምራቁን ወደ ባሕር ይተፋል። ግን በኅዳር ማለቂያ፣ በወጋችን ለአዲስ እንግዳ በአራተኛው ቀን በሚደረገው ድግስ ላይ፣ አዲስ የተሸመነ ምንጣፍ በትከሻው፣ ትልቅ የቱና ጭንቅላት በእጁ ይዞ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ንግግር ሊያደርግ ጀመረና ድምፁ ተሰበረበት። ኤሞሲ! ድምፁ! ከዚያ ወዲህ ከእኛ ቤት አይጠፋም፤ ባሕር ሲወጣ እንኳ በሬዲዮ «ዛሬስ ምን አደረገች?» ይላል። እማዬ «ስለ ናይሲ ነው የሚጠይቀው» እያለች ለጎረቤት ትዋሻለች።

ቀጣዩን ዓመት በአጭሩ ልለፈው፤ ከደስታዬ ጋር አይሄድም። በሚያዝያ በሽታው በእውነት ገባብን። ከተማው ሲዘጋ፣ ዓሣው እንዳይቋረጥ እኛ ሠራተኞቹ አሥራ ዘጠኝ ቀን ከፋብሪካው ሳንወጣ እዚያው አደርን። እማዬ ማታ ማታ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ መጥታ፣ ታቅፋ ቆማ ታሳየኝ ነበር። ሸሚዜ በቀን ሁለት ጊዜ ይረጥባል፤ ከበረዶው ነው እላቸው ነበር፤ ሴቶቹ አያምኑኝም፣ ግን ዝም ብለው ደረቅ ያቀብሉኛል። በሐምሌ ሚስተር ጃይራምን ቀበርነው። ቀበርነው ስልህ፣ አሥር ሰው ብቻ ሆነን አስከሬኑን ከሩቅ ሸኘነው። ልጁ ላሊታ በማግስቱ የአባቷን ቦት ጫማ አድርጋ ወደቡ ላይ ቆመች። የዚያ ሳምንት ዓሣ አልቀረብህም፤ አስተያየት መስጫው ላይ ምንም አለመጻፌን ግን አይተህ ይሆናል።

አሁን ወደ ደስታው! በታኅሣሥ መጀመሪያ ድንበር ተከፈተ። ላሊታ፣ ኤሞሲና እኔ ከዓሣው ጋር ናንዲ ሄድን። የመጀመሪያው ቱሪስት የሞላበት አውሮፕላን ሲያርፍ የእሳት አደጋ መኪኖቹ ውኃ ረጩለት፣ ጊታሩ ተመታ፣ ሰው ጮኸ። ቱሪስቶቹ ሲወርዱ እኛ ማንን እንደምንቀበል አልገባቸውም፤ ኤሞሲ አንዱን ቀይ ፊት ሽማግሌ አቅፎ «እንኳን መጣህ፣ ሆድህን ናፍቀን ነበር!» ይለዋል። ሰውየው የራሱን ሆድ አየ። የአውሮፕላኑን መሆኑን ማን ያስረዳው! ማናሳ የጭነቱን በር በራሱ እጅ ከፈተው፤ ባዶ፣ ሰፊ፣ ቀዝቃዛ። «ናይሲ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከማንም ሽማግሌ ጋር አትጣዪም፤ ቦታ ሞልቷል» አለኝ። የጭነት ዋጋውም በየሳምንቱ ቀስ እያለ ወረደ። አራት ጀልባ ወጥቷል፤ ወደባችን እንደ ድሮው ይጮኻል።

በእናንተም በኩል ባለፈው ወር ለጎብኚ ተከፈተ አይደል? ያን ዜና የሰማሁ ዕለት ማመልከቻውን ሞላሁ። ትናንት ቪዛው መጣ። ወዳጄ፣ እመጣለሁ! የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ፣ በዓሣው አውሮፕላን፣ ግን ከላይ!

ይህን ደብዳቤ ስትጨርስ ለምን እስከዛሬ እንዳልነገርኩህ ትጠይቀኝ ይሆናል። መምጣት የማይችልን ሰው ና ማለት ጭካኔ መሰለኝ። ግድ ሆኖብህ እንድትመለስም አልፈለግሁም። ከዚያ ደግሞ ቀኑ ባለፈ ቁጥር ነገሩ እያደገ፣ እየዳኸ፣ እየቆመ ሄደ፤ በጠባብ ቦታ የሚጻፍ አልሆነም። አጥፍቼ ከሆነ ይቅር በለኝ። አንተም ሌላ ኑሮ ይዘህ ከሆነ አልቆጣም፤ «እኔን ብለሽ አትቀመጪ» ያልከው አንተ ነህ፣ እኔም ያልኩህን ታስታውሳለህ። እንደ ድሮ ወዳጅ በሩ ላይ ቆመህ ብትቀበለን ይበቃል። ግን ወረቀቶችህን ሁሉ ደግሜ አንብቤአለሁ፤ ሌላ ኑሮ የያዘ ሰው «ዓሣው ከሳ» ብሎ አይጽፍም።

ትኬቱን የቆረጥኩት ዛሬ ጠዋት ነው። ትኬት ሻጯ ከመስታወቱ ወዲያ «ስንት ወንበር?» አለችኝ። «አንድ» አልኳት። «ስንት ሰው?» ስትለኝ «ሁለት» አልኳት። ግራ ገብቷት ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ በባንኮኒው ላይ ወደ ታች አየች፤ ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው። የልደት ቀን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፤ በጣቷ ቆጥራ «ሁለት ዓመት አልሞላም፤ እንግዲያው ወንበር አያስፈልግም፤ ትንሿ ቀበቶ ከአንቺ ቀበቶ ጋር ትታሰራለች» አለችኝ። አንተም በጣትህ ቁጠር። ከመጋቢት ጀምር።

ትከሻህን ከዝናብ ጠብቀው፤ ሰው የምትሸከምበት ነው። እናትህን ከአሁኑ አረጋግተህ አስቀምጣቸው፤ ወንበር ላይ። የባሕሩም የሰማዩም ጌታ እስከዚያ ዓርብ ድረስ በጤና ያቆይህ፣ ደጃፍህን ይባርክልህ፣ ደስታን በልክህ ሳይሆን በልኩ ይስጥህ። አሜን።

የድሮ ወዳጅህ፣
ከአንዲት ገና ካላየችህ ወዳጅህ ጋር